ዘንጉን የነካ ሰው አለ?

ቅዳሜ ጠዋት የሱቄን የኋላ በር ከፍቼ የዶሮ መኖ ጆንያ ስደረድር የኮሪን ፒካፕ ወደ ኋላ እየመጣ ከመጫኛው ደፍ ጋር ሊላተም ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ከኋላው የከብት ማጠጫ ገንዳ ተጭኗል፤ ገንዳው ላይ እርጥብ ሸራ ተደርቧል። ከሸራው ሥር የሆነ ነገር ውሃውን በጥፊ መታው።

የኮሪን አባት ኤልዉድ የጋቢናውን በር በትከሻቸው ገፍተው ወረዱ። በእጃቸው መክፈት ካቆሙ ቆይተዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

“ዊሊስ፣ ሚዛንህ ማኅተሙ አላለፈበትም?” አሉኝ፤ እንደምን አደርክ እንኳ ሳይሉ።

“እግዜር ይመስገን፣ ተቆጣጣሪው በጸደይ መጥቶ አይቶታል። ምን ይዘው መጡ?”

“ሸራውን ግለጠውና እየው።”

ገለጥኩት። አምባዛ ነው። ራሱ የእህል ማፈሻ አካፋ ያህላል፤ ቆዳው እንደ ወንዛችን ደለል ቢጫም ቡናማም ነው። ገንዳው አልበቃው ብሎ ጭራውን አጥፎ ተኝቷል። ኮሪን የማጥመጃ ዓሦች በሕይወት የሚቆዩበትን ትንሽ የአየር ፓምፕ አስገብታለት ውሃው ከአፉ ፊት ይንተከተካል። በነዚያ በትናንሽ ዓይኖቹ እኔንም፣ ሱቁንም፣ ዓለሙንም የናቀ ይመስላል።

“ሃርላን አለ?” አሉ ኤልዉድ።

“የት ይሄዳሉ ብለው ነው?”

ከውስጥ፣ ከጨው ድርድሩ በኩል፣ ድምፅ መጣ። “ስሜን በከንቱ የሚያነሳው ማነው?”

ሃርላን የግዛታችንን የአምባዛ ክብረ ወሰን ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ዓሣውን የመዘኑት በዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ ሚዛን፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ነው፤ ፎቶግራፋቸው እስከ ዛሬ ከመክፈያው በላይ ተሰቅሏል። እሳቸውና ኤልዉድ አብረው ተምረዋል፣ አብረው ወታደር ቤት ገብተዋል፣ እሁድ እሁድ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያን ዓሣ ከያዙ ወዲህ ግን ሃርላን ወዳጃቸውን አንድ ቀን በሰላም አሳልፈውት አያውቁም። ጠዋት ጠዋት መጥተው ከብት ከሚልሰው ጨው ክምር ላይ ይቀመጡና ኤልዉድ እስኪገቡ ይጠብቃሉ። ኤልዉድ ገብተው “ደህና አደራችሁ” ሲሉ እሳቸው ፎቶግራፉን ቀና ብለው እያዩ “እኛ ደህና ነን” ይላሉ።

አሁን እየተንገዳገዱ መጥተው ገንዳው ላይ አጎነበሱ።

“ይሄ ነው?” አሉ። “የኔው ይሄንን ለቁርስ ይበላው ነበር።”

“ያንተ ፎቶው ላይ ነው ትልቅ” አሉ ኤልዉድ። “ክንድህን ወደ ካሜራው ዘርግተህ።”

“ክንዴን አጥፌ ነው የተነሣሁት። መነጽርህን አድርግ።”

ግን ከገንዳው ቀና አላሉም። ዓሣውን ብዙ አዩት። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ውሃ ጨምሩለት፤ ጀርባው ደርቋል” አሉ።

ለጆሌን ደወልኩ። ጆሌን የመንግሥት የዓሣ ባለሙያ ናት፤ እሷ በዓይኗ አይታ ይሄ ነው ካላለች ሚዛኑ ብቻውን ክብረ ወሰን አያሰጥም። ቅዳሜ ነውና ከልጇ የኳስ ጨዋታ መሀል አገኘኋት። “አታቀዝቅዙት፣ በረዶ አታድርጉበት፣ በሕይወት ካለ በሕይወት አቆዩልኝ፤ እየመጣሁ ነው” አለችኝ። ስለዚህ መጠበቅ ሆነ።

ኤልዉድን በር ላይ ወንበር አወጣሁላቸው። እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። ይሄ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ከጀመራቸው ወዲህ ብዙ ነገር ትተዋል፤ መጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎ ምላጭ፣ ቀጥሎ ሾርባ በሰው ፊት መብላት። ወንዙን ብቻ ሳይተዉ ቆዩ። አሁን እሱም ቀኑ ደርሷል። ኮሪን ኦማሃ ከተማ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው ዕቃቸውን ልትሸክፍ መጥታለች፤ ጀልባውን የገዛው ሰው ሰኞ ይወስደዋል። የሚመጣው ሁሉ እንደሚያልፍ ባምንም፣ የዚያን ጀልባ ነገር ሳስበው ልቤን ከበድ ይለኝ ነበር።

ኮሪን በባልዲ ውሃ እየቀዳች ዓሣው ላይ ታፈሳለች። እኔና እሷ እኩያ ነን፤ ትምህርት ቤት ከእኔ ፊት ነበር የምትቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ከማን የትኛው ዓሣ በየትኛው ዓመት እንዳመለጠ ሲከራከሩ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

“አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጀልባ ላይ የወጣሽው?” አልኳት።

“ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ ዛሬ።”

የቀረውን ውሃ ፈሰስ አደረገችና ባልዲውን አስቀመጠች።

“ያኔ ትልቅ ዓሣ ያዘው” አለች። “የማጥመጃው ዘንግ ሲጎብጥ፣ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ሲዘም አየሁ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ወደ ውሃው የሚጎትተው መሰለኝ። ብድግ አልኩና ዘንጉን አብሬው ያዝኩ። ‘አትንኪ፣ እጅሽን አንሺ’ ብሎ ጮኸብኝ። በክርኑ ገፋኝ። ሌላ ሰው ዘንጉን ከነካ ክብረ ወሰኑ አይያዝለትም፤ ለካ ያንን ነው የሚያስበው። እኔ በምን ልወቅ? ዓሣው አመለጠ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገርንም። ከዚያ ወዲያ እኔም ልሂድ አላልኩ፣ እሱም ነይ አላለኝ።”

“ዛሬስ?”

“ዛሬማ ብቻውን ጀልባውን መያዝ ስለማይችል ነው የሄድኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ይየው ብዬ። ከግድቡ በታች፣ ግንዶቹ ከወደቁበት ቦታ ደረስን። ገና ፀሐይ እየወጣች ነበር። ዓሣው ክሩን ይዞ እንደሄደ መንጠቆውን እሱ ራሱ ነው ያስነከሰው፤ እንዴት አድርጎ እንደያዘው አላውቅም፣ በአንድ አፍታ የድሮውን አባቴን ሆነ። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሩን ሊጠቀልል ይሞክራል፣ እጀታው ያመልጠዋል። ዞር ብሎ አየኝ። ‘ኮሪ፣ ያዢኝ’ አለ።”

እዚህ ላይ እጇን በሱሪዋ ጠረገች፤ እርጥብ ግን አልነበረም።

“ከኋላው ቆሜ እጆቼን በእጆቹ ላይ አደረግኩ። ጀርባው ደረቴ ላይ ነው። ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። አብረን ጎተትን፣ አብረን ለቀቅን። ደክሞት ያቃስታል፤ ልተወው ወይ ስለው፣ አይሆንም ይላል። ዓሣው ከጀልባው አጠገብ ሲደርስ ግን ቀኝ እጁ ደነዘዘና ወደቀ፤ ግራውም ተከተለው። ዘንጉን ብቻዬን ያዝኩት። ትንሽ ጊዜ ነው ዊሊስ፤ አንድ አባታችን ሆይ አያስጨርስም። ከዚያ እጁን መለሰና እኔ መረቡን አነሳሁ።”

“ደንቡን ታውቂዋለሽ።”

“ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው አለ?”

ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

“ማንም አልነካም እላለሁ” አለች። “ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ነው። ሰኞ ጀልባው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእኔ ቤት አንድ ክፍልና መስኮት ነው። የክብረ ወሰኑን ወረቀት ግድግዳው ላይ ይስቀልና ይየው። ከእኔ ምን ይጎድላል?” ቀና ብላ አየችኝ። “አንተ ዝምተኛ ነህ። ዛሬም ዝም በል።”

እኔ የምፈርመው ሚዛኑ ያለውን ብቻ ነው፤ ወንዝ ላይ አልነበርኩም። በልቤ ግን፣ ጌታ ሆይ፣ ይህች ሴት ከፍቅር የተነሣ ልትዋሽ ነው፤ መንገዱን አንተ ታውቃለህ አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ጆሌን ስትደርስ ገና የኳስ ሜዳው ሣር ጫማዋ ላይ ነበር። ከማንም ጋር ከመጨባበጧ በፊት ገንዳው ዘንድ ሄዳ ተንበረከከች። የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው አልፎ መውጣቱን አየች፤ ጭራውን አየች፤ መዳፏን በጀርባው ላይ አሳለፈች።

“ስንት ዘመን ኖሯል ይሄ ፍጥረት” አለች። “እሱው ነው። ጠፍጣፋ ራስ የሚባለው ንጹሕ የአምባዛ ዘር ነው። እንመዝነው።”

ሸራውን ነክረን ለብቻው መዘንን። ከዚያ ከዓሣው ሥር አሳለፍነውና አራት ማዕዘኑን ለአራት ያዝን፤ ኮሪን፣ ጆሌን፣ እኔ፣ ሃርላን። ኤልዉድ “እኔስ?” አሉ። ኮሪን ጠጋ አለችላቸውና የእሷን ማዕዘን አብረው ያዙ። ዓሣው ሚዛኑ ላይ ሲያርፍ አንድ ጊዜ ተላጋ፣ ከዚያ ተረጋጋ። መርፌው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

“አንብበው” አሉ ሃርላን። እሳቸው ፊታቸውን አዙረዋል።

ሸራውን ቀንሼ “ሰባ ስድስት ፓውንድ ከግማሽ” አልኩ።

የሃርላን ሰባ አራት ነበር። ዓሣውን ቶሎ ወደ ውሃው መለስነው። ሃርላን ጨው ክምራቸው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

“ሚዛኑ ታሟል” አሉ።

“የእርስዎንም የመዘነው እሱ ነው” አልኳቸው።

“ያኔ ጤነኛ ነበር።”

ኤልዉድ የገንዳውን ጠርዝ በክንዳቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ነው የማየው።

ጆሌን ቅጿን አወጣችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች። የት ተያዘ፣ በምን ማጥመጃ፣ የማጥመጃ ፈቃድ አለዎት። ኤልዉድ አንድ በአንድ ይመልሳሉ፤ ለማጥመጃ የተጠቀሙባትን ትንሽ ዓሣ እንኳ በዘሯ ስም ጠሯት። ከዚያ እንዲህ አለች።

“ዓሣው ከተያዘ ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ ዘንጉን ወይም ክሩን የነካ ሌላ ሰው አለ?”

“የለም” አለች ኮሪን፤ ጥያቄው ሳያልቅ። “እኔ መረቡን ብቻ ነው የያዝኩት። መረብ ይፈቀዳል።”

“አዎ፣ መረብ ይፈቀዳል” አለች ጆሌን፤ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወረደች።

“በነዚያ እጆች?” አሉ ሃርላን ከጨው ክምራቸው ላይ። እንደ ሁልጊዜው ቀልዳቸውን ነበር የጀመሩት። “ባለፈው እሁድ የመዝሙሩን መጽሐፍ የገለጥኩለት እኔ ነኝ። የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለትም እኔ ነኝ። ወረቀት መግለጥ ያቃተው ሰው ይሄንን በሬ ብቻውን አወጣ? ንገሩኝ እስቲ።”

ቀልዱ ከአፋቸው ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ወደቀ። ኤልዉድ ሁለት እጆቻቸውን ብብታቸው ሥር አስገቡ፤ ብርድ እንደ ያዘው ሰው። ሃርላን ያንን አዩ። ፊታቸው ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ።

“እኔ እንኳ ...” አሉ። “ልጄ፣ እኔን አትስሚ። ቅናት ነው የሚያናግረኝ። ጻፊ። ለምስክር ሁለተኛ ሰው ትፈልጊ የለ? እኔ እፈርማለሁ። ሰባ ስድስት ከግማሽ። በዓይኔ አይቻለሁ።”

“አላየህም፤ ፊትህን አዙረህ ነበር” አሉ ኤልዉድ።

“በጀርባዬ አይቻለሁ። ጻፊ።”

“ቆይ።” ኤልዉድ ወደ ጆሌን ዞሩ። “ጥያቄውን ድገሚልኝ።”

ጆሌን ኮሪንን አየት አደረገችና በቀስታ ደገመችው።

“ነክታለች” አሉ።

“አባዬ” አለች ኮሪን።

“ዘንጉን ይዛለች።”

ጆሌን ቅጹን አላየችም፤ እሳቸውን ነው የምታየው። “አቶ ኤልዉድ፣ የእርስዎን እጅ ይዛ ደግፋዎት ከሆነ አለቃዬን ልጠይቅልዎ እችላለሁ። እጅዎን እንጂ ዘንጉን ካልነካች ምናልባት ...”

“ዘንጉን ራሱን። ብቻዋን። እኔ ለቅቄ።”

“ማን ጠየቀህ?” አለች ኮሪን፤ ድምፅዋ ተሰበረ። “ማን ያውቅ ነበር?”

“አንቺ ታውቂ ነበር።”

“እኔ ድርሻዬን ተውኩት እኮ። ለአንተ ብዬ።”

“ገብቶኛል ለእኔ እንደሆነ።” እጆቻቸውን ከብብታቸው አወጡ። ይንቀጠቀጣሉ፤ አልደበቋቸውም። “ስሚኝ ኮሪ። አንድ ጊዜ እጅሽን አንሺ ብዬሻለሁ። አነሳሽ። ያን ቀን ዓሣውም ሄደ፣ አንቺም ሄድሽ። ዓሣው እንኳ ዛሬ መጣ፤ ያው እሱ ነው እላለሁ እኔ። አሁን ደግሞ የልጄ እጅ እዚያ አልነበረም ብዬ በመንግሥት ወረቀት ላይ ላስጽፍ? ቤትሽ ውስጥ ሰቅዬው፣ ጠዋት ስነሣ እሱን እያየሁ፣ ማታም እሱን እያየሁ ልተኛ? አላደርገውም። ሪከርዱ ይቅርብኝ።”

ኮሪን ሄዳ ከአባቷ አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻቸውን እስኪነካ ድረስ፣ ገንዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁለቱም ወደ ዓሣው ያያሉ።

ጆሌን እስክሪብቶዋን ከደነች።

“ያ ቅጽ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ የለውም?” አሉ ሃርላን።

“የለውም” አለች።

“የማይረባ ቅጽ ነው።”

“ለአለቃዬ እነግርልዎታለሁ” አለች፤ አልሳቀችም። ከዚያ ስልኳን አውጥታ፣ “ቅጹ ቢቀርም ፎቶ አይከለከልም። ጠጋ በሉ” አለች። አባትና ልጅ ቀድመውም ተጠግተው ነበር።

ዓሣውን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ አልተነሣም ማለት ይቻላል። እኔ “ለቤተ ክርስቲያኑ እራት ...” ብዬ ስጀምር ኤልዉድ ቆጣ ብለው አዩኝ። “ይሄ ሰውዬ እዚህ ዕድሜ የደረሰው ማንም ስላልበላው ነው” አሉ። ገንዳውን መልሰን ሸፈንነው። ሃርላን ጋቢና አልገባም ብለው ከገንዳው ጋር ከኋላ ወጡ፤ እስከ ግድቡ ድረስ፣ በዚያ ኮረኮንች ላይ፣ የአየር ፓምፑን ቱቦ በእጃቸው ይዘው ሄዱ። እኔ ከኋላ ስከተላቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዓሣውን ይሰድቡት ይሁን ያባብሉት እግዜር ይወቅ።

ከግድቡ በታች ውሃው በዝግታ የሚሄድበት አሸዋማ ቦታ አለ። ዓሣውን በሸራው አውርደን እዚያ አደረስነው። ኮሪን ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ኤልዉድ ጫማቸውን ማውለቅ ስለማይችሉ ከነጫማቸው ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ እሳቸው እጆቻቸውን ከዓሣው ሆድ ሥር ሰደዱ፣ እሷ ደግሞ እጆቿን ከእሳቸው እጆች ሥር። ዓሣው መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያዘነብላል፤ ቀና ያደርጉታል። እንደገና ያዘነብላል፤ እንደገና። ማንም አልቸኮለም።

እኔና ሃርላን ዳር ቆመናል።

“ፎቶዬን አውርደው” አሉኝ።

“ለምን?”

“አቧራ ጠጥቷል።”

“ኤልዉድ ይናደዳሉ። ማንን ይስደቡ?”

ትንሽ አሰቡ። “እንግዲያው ተወው። ጆሌን ያነሳችውን ከጎኑ ስቀል። ከእኔ ከፍ አድርገህ። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ፓውንድ ከግማሽ ያህል ከፍ አድርገህ።” ከዚያ ወደ ወንዙ ጮክ ብለው፣ “ኤልዉድ! ኦማሃ ውስጥ የጨው ክምር ያለበት ሱቅ አለ?”

“የለም” አሉ ኤልዉድ ሳይዞሩ።

“እንግዲያው ምን ላይ ልቀመጥ ነው ልጠይቅህ ስመጣ?”

“ወንበር አለን” አለች ኮሪን።

በዚያው ቅጽበት የዓሣው ጭራ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ፣ በስንፍና። ከዚያ ሌላ። ከእጆቻቸው ላይ ሳይቸኩል ተነሣና ወደ ጥልቁ፣ ወደ ግንዶቹ በኩል፣ ጥላው እየቀጠነ ሄደ። ውሃው ዘጋበት።

እነሱ ግን እጃቸውን አላወጡም። እሳቸው እንዳጎነበሱ፣ እሷም እንደያዘቻቸው ቆሙ። በውሃው ውስጥ አራቱ እጆች ይታዩኛል፤ ወራጁ ስለሚያወዛውዛቸው የትኛው እንደሚንቀጠቀጥ አይለይም።

“ሄዷል አባዬ” ስትል ሰማኋት።

“አይቻለሁ።”

“ውሃው ይቀዘቅዝሃል።”

“ይቀዝቅዝ። ትንሽ ያዢኝ።”

ሃርላን ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉና እጅጌዬን ጎተቱኝ። “ና” አሉኝ፣ “ገንዳውን እንገልብጠው።” ሄደን ገለበጥነው። ውሃው በአሸዋው ላይ እየፈሰሰ፣ እግራችንን አጥቦ፣ ወደ ወንዙ ተመለሰ።